መምህሩ ያንኮራፋበት ጠዋት

እህት ዓለም፣ ሰላምታ ሳላስቀድም ብጀምር አትቆጪኝ፤ ዛሬ ጠዋት ተማሪዎቼ ፊት ተኝቼ አንኮራፋሁ! ይሄን የምጽፍልሽ እዚያው የማስተምርበት አዳራሽ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ለመሆኑ አንቺ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ? መድኃኒቱን ሳታቋርጪ እየወሰድሽ ነው? ሦስቱንም መልሺልኝ፤ ባለፈው አንዱን ዘለሻል።

እንደምታውቂው የምሠራበት መጋዘን ከተዘጋ ወዲህ መተዳደሪያዬ ዮጋ ማስተማር ሆኗል። ለወገቤ ብዬ ሦስት ወር የተማርኩትን ልጄ አዳራሹ በር ላይ በለጠፈችው ማስታወቂያ ሦስት ዓመት ብላ ጻፈችው። «አባዬ፣ ሁሉም እኮ እንዲህ ነው የሚያደርገው» አለችኝ፤ እኔም እንዳለ ተውኩት።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። የእውነተኛ መምህር ምልክቶች ብዬ ዝርዝር አወጣለሁ፦ አንደኛ አይደነግጥም፣ ሁለተኛ ድምፁ የለሰለሰ ነው፣ ሦስተኛ ጎንበስ ሲል የእግሩን ጣት ይነካል። እኔ የማሟላው ሦስተኛውን ብቻ ነው፤ እሱንም ጉልበቴን አጥፌ።

ዛሬ መጨረሻ ላይ በጀርባችሁ ተንጋለሉ፣ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ የኔን ትንፋሽ ተከተሉ አልኩና እኔም ጋደም አልኩ። ያ ሁሉ ያጣሁት እንቅልፍ ለካ እዚያ ሲጠብቀኝ ኖሯል። የጽዳት ሠራተኛዋ በሩን በርግዳ «ምን ጉድ ነው፣ ወፍጮ ቤት አደረጋችሁት እንዴ!» ስትል ብንን አልኩ። እህቴ፣ ስድስቱም ተማሪዎቼ በተርታ ተንጋለው ያንኮራፋሉ! ትንፋሼን ተከትለው! ከመካከላቸው ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ «ይሄ አተነፋፈስ ደረቴን ከፈተልኝ፤ ምን ይባላል?» አለችኝ።

ስም ላወጣለት አፌን ከፍቼ ነበር። ፊቷን ሳየው ግን አልቻልኩም። እንቅልፍ ጥሎኝ ነው፣ የተማርኩትም ሦስት ወር ብቻ ነው አልኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የባንክ ጥበቃው ጫማውን አጥልቆ ወጣ፤ ይመለስ አይመለስ እንጃ። ዳቦ ጋጋሪው ግን ምንጣፉን እየጠቀለለ «ጋሼ፣ እኛ የምንጨነቀው ያቺን የለሰለሰች ድምፅ ሲያወጡ ነው። ነገም እንደዛሬው ይሁኑልን፤ ብቻ እንቅልፉን ቤትዎ ጨርሰው ይምጡ» አለኝ። ሌሎቹም ሳቁ። ስወጣ ማስታወቂያውን በእጄ ገነጠልኩት። ልጄ ገና አልሰማችም፤ ጸልዪልኝ።

ለባለቤትሽ አክብሮቴን አድርሺልኝ። መንትዮቹን እያገላበጥሽ ሳሚልኝ። እማማን ጆሮዋ ሥር ጠጋ ብለሽ ልጅሽ ደህና ነው በያት፤ ማንኮራፋቴን ድሮም ታውቀዋለች።

ታናሽሽ፣ ከአዳራሹ ደረጃ ላይ፣ ማክሰኞ ረፋድ

የቀሩት ተማሪዎች ሊከፍሉኝ እጃቸውን ኪሳቸው ቢከቱም ተኝቼ እንዴት ልቀበል ብዬ መለስኳቸው። የዛሬው የስድስቱም ሂሳብ አልተከፈለም።