ሕመማቸው ሳይነገራቸው የጡረታ ፎርማቸውን የፈረሙት የመምህር ጥዑመልሳን አምሃ የሕይወት ታሪክ

መምህር ጥዑመልሳን አምሃ ከአባታቸው ከአቶ አምሃ ወልደየስ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ደስታ በጥቅምት ወር 1924 ዓ.ም. በየጁ አውራጃ መርሳ ከተማ ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ናቸው። የመጨረሻዋ እኔ ነኝ፣ ይህን የምጽፈው የሺሃረግ። የለቅሶው ኮሚቴ አንድ ገጽ ይበቃል፣ ለስለስ ያለም ይሁን ብሎኛል። ለስለስ አይልም። በለቀስተኛው ፊት የሚያነብልኝ ሰው አንድም መስመር እንዳይዘል አደራ እላለሁ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ፊደልና ዳዊት በመርሳ፣ ዘመናዊ ትምህርት በወልድያ ተምረው፣ ሐረር በነበረው የመምህራን ማሠልጠኛ ገብተው በ1947 ዓ.ም. ተመረቁ። በደሴ አሥራ አንድ ዓመት፣ በአዲስ አበባ አሥራ ሦስት ዓመት ሒሳብ አስተማሩ። በክረምት እየተማሩም ዲግሪያቸውን ያዙ። በ1954 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሰርካዲስ ገብሬ ጋር ተጋብተው ህይወትንና ፍቃዱን ወለዱ። በእነዚያ ሃያ አራት ዓመታት በየወሩ ከደመወዛቸው ለጡረታ ይቆረጥ ነበር። በ1971 ዓ.ም. ደርግ ለጥቂት ወራት ካሰራቸው በኋላ ተፈተው ወደ ሱዳን ሲሰደዱ ፋይላቸው መዝገብ ቤት ቀረ፤ ከዚያ ገንዘብ አንዲት ሳንቲም አልቀመሱም።

እ.ኤ.አ. በ1982 ቤተሰባቸውንና እኔን ይዘው ዳላስ ገቡ። የሃምሳ ዓመቱ መምህር በዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ጫኑ፣ ግሬፕቫይን ከተማ ባለ ሆቴል ሳህን አጠቡ። ሲያማርሩ አልሰማሁም፤ የማማርረው እኔ ነበርኩ። አርሊንግተን ባለው ዩኒቨርሲቲ የጎደላቸውን ትምህርት አሟልተው የማስተማር ፈቃድ ካወጡ በኋላ፣ በ1986 በዚያው በአርሊንግተን ባለ አንድ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ሆኑ።

የመጀመሪያ ጡረታቸው ሜዳ ላይ ስለቀረባቸው ሁለተኛውን ነቅተው ጠበቁ። ለመምህራን የሚታደለውን የጡረታ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አነበቡት። ትምህርት ቤታቸው ሶሻል ሴኩሪቲ ለሚባለው የመንግሥት ጡረታ ስለማይቆርጥ በእርጅናቸው የሚተማመኑበት ሌላ ነገር እንደሌላቸው ያውቁ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ጥቁር ሰሌዳ አቁመው፣ በትምህርት ቤት የሚሠራውን ሁሉ፣ ሾፌሩንም፣ ምግብ አብሳዩንም፣ ሰብስበው ያስረዱ ነበር። ያገለገልክበትን ዓመት በሁለት በመቶ ታባዛለህ፣ ከዚያ በከፍተኛ ደመወዝህ አማካይ ታባዛለህ፤ አምስት ዓመት ሳይሞላ የወጣ ያዋጣውን ይዞ ይሄዳል እንጂ ጡረታ የለውም። የምግብ ቤት ሠራተኛዋ ወይዘሮ ነጃት በአራተኛ ዓመቷ መጥታ፣ “ሶ ጋሼ፣ አሁን ኩዊት ካደረግኩ ብሩን ይሰጡኛል፣ ኦኬ፤ ግን ጡረታ የለኝም ማለት ነው?” ስትላቸው፣ “የለሽም። አንዲት ዓመት ጥርስሽን ነክሰሽ ቆዪ” አሏት። ቆየች። ዛሬ እዚህ መካከላችን ተቀምጣለች።

በሰሌዳው ላይ ሁልጊዜ የሚያሰምሩበት አንድ ነገር ነበር። ጡረተኛ ሲፈርም ከሁለት አንዱን ይመርጣል። ትልቁ ክፍያ ባለቤቱ ሲሞት አብሮት ይቆማል፤ ትንሹ ክፍያ ግን ከሞተ በኋላ ለሚስቱ ዕድሜዋን ሙሉ ይቀጥላል። ጤነኛ ሰው አስቦ ይምረጥ፣ የታመመ ሰው ግን ሳያመነታ ትንሹን ይያዝ ይሉ ነበር።

በመጋቢት 1997 እ.ኤ.አ. በጨጓራ ሕመም ሆስፒታል ገብተው ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። እሳቸው ገና ሳይነቁ ሐኪሙ ወጥቶ ካንሰር መሆኑን፣ ጉበታቸው ላይ መድረሱን፣ ዓመቱን እንደማይጨርሱ ነገረን። እዚያ የነበርነው እትዬ ሰርካዲስ፣ የእድራችን ሰብሳቢ አቶ መኳንንት እና እኔ ነበርን። አቶ መኳንንት፣ “ማለቴ፣ እንዲህ ያለ ነገር ፊት ለፊት አይነገርም። ሞራሉ ይወድቃል። ዝም በሉ” አሉ። ሐኪሙን የለመንኩት እኔ ነኝ፤ ዘጠኝ ዓመት ሆስፒታል ስሠራ ከሐኪም ጋር እንዴት እንደሚወራ ተምሬያለሁ። “ካልጠየቀኝ አልነግረውም፤ ከጠየቀኝ ግን አልዋሽም” አለኝ። ወንድሜ አልጠየቁትም። ለምን ይጠይቁታል? የጨጓራ ቁስል ነው፣ ወጥቷል ብለን ነግረናቸዋል። አመኑን።

በግንቦት መጨረሻ በአሥራ አንድ ዓመት አገልግሎት ጡረታ ወጡ። ፎርሙን የፈረሙት በቤታቸው የምግብ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ እትዬ ሰርካዲስ ከጎናቸው፣ እኔና አቶ መኳንንት ከፊት ለፊታቸው ነበርን። ትልቁ አምስት መቶ አርባ ዶላር ነበር፣ ትንሹ አራት መቶ ሰባ። “ሰርካዲስ ስኳር አለባት፣ በዚህች ሰባ ዶላር መድኃኒቷን እገዛላታለሁ። እኔ እንደሆነ ድኛለሁ” ብለው ትልቁን መረጡ። ሦስታችንም የእሳቸውን እጅ እያየን ዝም አልን። እኔ ያኔ ስለ ፎርሙ ብዙም አልገባኝም ነበር። አቶ መኳንንት ግን ከሰሌዳው ፊት ስንት እሑድ ተቀምጠው ሰምተዋል፤ ይህን ሲሰሙ ቢቀየሙኝ ይቀየሙኝ።

በነሐሴ እግራቸው ሲያብጥ ብቻቸውን ሐኪሙ ዘንድ ገብተው ጠየቁት። አልዋሸም። እቤት እንደገቡ ኦስቲን ወዳለው የጡረታ ቢሮ ደወሉ፤ ምርጫ መለወጥ የሚቻለው የመጀመሪያው ክፍያ እስኪወጣ ብቻ እንደነበር በትሕትና ነገሯቸው። የመጀመሪያው ክፍያ የወጣው በሰኔ ነው። እስከዚያ ድረስ ያን ሁሉ ሳምንት የምንናገርበት አፍ ነበረን። ወንድሜ አልጮኹብኝም። “የሺ፣ ስሌቱን አልተሳሳትኩም፤ እናንተ የሰጣችሁኝ ቁጥር ነው የተሳሳተው” አሉኝ። ቀጥለውም፣ “ሰርካዲስ ክፍያው እንደሚቆም እንዳትሰማ፣ አርባዬ እስኪወጣ” ብለው አደራ አሉኝ። ሦስት ክፍያ ተቀብለው ጳጉሜን 3 ቀን 1989 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ።

አደራቸውን በላሁ። ከመጋቢት ጀምሮ የደበቅሁት ይበቃኛል ብዬ ትናንት ለእትዬ ሰርካዲስ ነገርኳቸው። ካዋጡት የተረፈውና አንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ እንደሚመጣ፣ የወሩ ክፍያ ግን እንደቆመ ነገርኳቸው። አላለቀሱም። “የሺዬ፣ አሥራ አንድ ዓመት እዚያ አዳራሽ ከኋላ ተቀምጬ ሲያስተምር ሰምቼዋለሁ። የቱን እንደፈረመ አውቃለሁ። ትንሹን ያዝልኝ ብለው ኖሮ፣ ለምን ብሎ ይጠይቀኝ ነበር። ምን ልበለው?” አሉኝ።

መምህር ጥዑመልሳን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውን ዜማን እና አንድ እህት ትተው አልፈዋል። እግዚአብሔር የወንድሜን ነፍስ ምንም በማይደበቅበት በእሱ ዘንድ ያሳርፍ። እናንተ በዚህ የተቀመጣችሁ ዘመዶቼ ሁሉ፣ እኔ የታመምኩ ቀን ንገሩኝ።