በኢፍራህ ፈንታ የመለስኩት

ይድረስ ለእህቴ ዘይቱና፣ ጅቡቲ።

አሰላሙ አለይኩም እህቴ። አንቺም ልጆችሽም ደህና ናችሁ ወይ? እኛ ከድሬ ሙቀት በቀር የነካን ክፉ የለም፤ አልሐምዱሊላህ።

ልጄ ኢፍራህ ሴት ልጅ ተገላግላ አርባዋ ሊሞላ ሳምንት ቀረው። ምጡ ስለጠናባት ሕፃኗን በመሳሪያ ስበው ነው ያወጡላት። ሐኪሟ «ማደንዘዣ ልውጋሽ?» ብላ ስትጠይቃት እኔ ቀድሜ «የእኛ ቤት ሴት አትጮህም፤ ትችለዋለች» አልኩ። እውነትም አልጮኸችም። ጎረቤቶች ሊጠይቋት ሲመጡ ይህንኑ እያነሱ ያሞግሷታል፤ እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ሕፃኗን የማቅፋት እኔ ነኝ፤ ለጡት ብቻ እሰጣታለሁ።

ትናንት ለክትትል ስንሄድ አዋላጇ «ወሊዱ እንዴት ነበር?» አለቻት። ልመልስ አፌን ከፍቼ፣ የሻሼን ጫፍ ነከስኩ። ኢፍራህ አንድም ሳታስቀር ነገረቻት፤ ድምፅ አውጥታም አለቀሰች። ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ሕፃኗን ከእቅፌ ወሰደቻት። እስከ ቤት ድረስም መልሳ አልሰጠችኝም።

ልጅሽ ሐናን ወሯ ገብቷል አልሽኝ። አላህ በሰላም ይገላግላት። ሐኪሞቹ ሲጠይቋት ግን አንቺ እንዳትመልሺላት። መጮህ ካማራትም ትጩህ አቦ!

እህትሽ ቱሪያ፣ ከመጋላ