ዘጠና ሁለት ላይ የቆመው ውሃ

ቦሌ ሚካኤል፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ እህቴ ሉሊት፣ የስምንተኛ ቢ ቲቸር፣ ማናማ ለምትገኚው፤

ደብዳቤ ሲጻፍ «ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ» ይባላል አሉ። እኔ ግን ክፍልሽን ከነአልጋሽ ስለወረስኩ ናፍቆቱን እየቻልኩት ነው። እማዬ ደህና ናት። ጉልበቷን አልፎ አልፎ ያማታል፣ አንቺ ስትደውዪ ግን ይተዋታል። እኔም ያው ታክሲ ላይ ነኝ፤ ከቦሌ ሚካኤል «ሃያ ሁለት! ሃያ ሁለት!» እያልኩ ረዳትነቴን ቀጥያለሁ። በሩን ስዘጋው «ቀስ በል አንተ!» የማይለኝ ተሳፋሪ የለም። አንቺ እቤት ትዪኝ የነበረውን አሁን ሕዝብ ተረክቦታል።

ይሄን በስልክ ማውራት ይቻል ነበር። ነገር ግን እማዬ ስልኩ ጮክ ብሎ ካልተሰማ አታናግርሽም፣ እኔ የምነግርሽ ደግሞ ለጎረቤት የሚሆን አይደለም። በዚያ ላይ ደብዳቤው ብቻውን አልመጣም። ጎረቤታችን ሰብሊ ለእረፍት መጥታ እሑድ ወደዚያው ስለምትመለስ በሷ ነው የላክሁት። ከበርበሬው ጎን ያለውን ካልሲ ቀስ ብለሽ ፍቺው። ካልሲው የኔ ነው፣ ታጥቧል። ውስጡ ያለው ቴርሞሜትር ግን የትምህርት ቤቱ ነው፣ እንዳትሰብሪው።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ያቋቋምሽው የውሸት ክፍለ ጊዜ ሊዘጋ ነው። የሚያድነው አንቺና ካልሲው ውስጥ ያለው ነገር ናችሁ።

ሰብሊም ዕቃውን ስሰጣት «የውሸት ክፍለ ጊዜ ደግሞ ምንድነው?» አለችኝ።

«ሉሊት ሳሊተ ምሕረት ትምህርት ቤት ሳይንስ ስታስተምር» አልኳት፣ «ልጆቹ እንዳይሳሳቱ ፈርተው አፋቸውን አይከፍቱም ነበር። የጻፈችላቸውን ይገለብጣሉ፣ ይሸመድዳሉ፣ ፈተና ላይ ይተፉታል፣ አለቀ። አንድ ቀን እቤቷ ውስጥ ሥራ የፈታ ውሸታም እንዳለ ትዝ አላትና ይዛኝ ሄደች። አርብ አርብ ፊታቸው ቆሜ አንድ ውሸት እዋሻለሁ። እነሱ ያጋልጡኛል። ሕጉ ‹ውሸት ነው› ብሎ መጮህ አይቆጠርም ነው። ‹መጽሐፉ እንዲህ ይላል› ማለትም አይቆጠርም። ሠርተው ማሳየት አለባቸው።»

«እና አንተን ለመዋሸት ትምህርት ቤት ያስገቡሃል?»

«ምን ላድርግ፣ ልማር ስል አስወጡኝ፣ ልዋሽ ስል አስገቡኝ።»

አንቺ ከሄድሽ ወዲህም አልተኛንም። ባለፈው «ጨው ውሃ ውስጥ ሲገባ ይሞታል» አልኳቸው። ሌንጮ፣ ያ የኋላ ወንበር ላይ እየተኛ ያስቸግርሽ የነበረው፣ ጨዋማውን ውሃ በሰርዲን ቆርቆሮ ክዳን ላይ አድርጎ ፀሐይ አስመታው። በሳምንቱ ነጩን ፍቆ በወረቀት ጠቅልሎ መጣ።

«ዱቤ፣ ሬሳው ይሄው። ቅመሰው።»

ቀመስኩት። ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ። ስሜን ደግሞ ታውቂያቸዋለሽ፣ አይለቁኝም። አርብ በደረሰ ቁጥር በሩ ላይ እንደ ሱቅ «ዱቤ የለም» ብለው ለጥፈው ይጠብቁኛል።

አሁን በአንቺ ቦታ ያሉት መምህር ገረመው ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። ጠመኔ ግን ይወዳሉ። ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር ሞልተው እጃቸውን ሲያራግፉ፣ ቤት ሠርቶ የጨረሰ ሰው ነው የሚመስሉት። እሳቸው ናቸው ለርዕሰ መምህርቷ ለወይዘሮ ፀሐይነሽ «አርብ አንድ መስመር ሳይጻፍ ያልፋል፣ ሚኒስትሪ ደግሞ እየደረሰ ነው» ያሏቸው። ወይዘሮ ፀሐይነሽም ጠሩኝ።

«አርብ መጥቼ አያለሁ» አሉኝ። «ልጆቹ ከአንተ ውሸት የሚይዙት ቁም ነገር ካለ ይቀጥላል። ከሌለ አርብም ማስታወሻ ይጻፋል፣ አንተም ወደ ታክሲህ።»

እኔ መቼም የሚጨንቀኝ ሰው አይደለሁም፣ ያን ሳምንት ግን ጨነቀኝ። ሁለት ጊዜ መልስ ሳልሰጥ ቀርቼ ተሳፋሪ ሰድቦኛል። በኋላ ተንኮል መጣልኝ። ለምን ቀላል ውሸት አልዋሽም? ልጆቹ ቶሎ ይያዙኝ፣ ይሳቅብኝ፣ ሴትየዋም ደስ ብሏቸው ይሂዱ። መጽሐፋቸውን ገለጥኩና በደማቁ ከተጻፈው መረጥኩ፤ ውሃ በመቶ ዲግሪ ይፈላል። ይሄን ሕፃንም ያውቀዋል። እኔ እሱን እገለብጠዋለሁ፣ እነሱ ድስት ይጥዳሉ፣ ቴርሞሜትሩ መቶ ይላል፣ አለቀ ደቀቀ።

አርብ ገባሁ። ወይዘሮ ፀሐይነሽ እስክሪብቶ ይዘው ከኋላ ተቀምጠዋል። መምህር ገረመው አጠገባቸው ናቸው።

«የተከበራችሁ ተማሪዎች» አልኩ፣ «የአዲስ አበባ ውሃ ሰነፍ ነው። መቶ የሚያመጣው የውጭ አገር ውሃ ነው። የኛው መቶ ሳይደርስ ይፈላል።»

«ዛሬማ ቀለለ!» አለች ቤዛዊት። መነጽሯን በክር ያሰረችዋ፣ አሁን የክፍሉ አለቃ ሆናለች። «ምድጃውን አምጡት። ይሄን ሰውዬ ቶሎ እንሸኘው።»

ውሃ ተጣደ። ሌንጮ ቴርሞሜትሩን ይዞ ቁጥሩን እንደ ኳስ አስተላላፊ ይጮኻል። ስልሳ። ሰማንያ። ዘጠና። ክፍሉ አብሮት ይጮኻል። ዘጠና ሁለት። ውሃው ተንተከተከ፣ ድስቱ ተንደቀደቀ፣ ቀዩ መስመር ቆመ።

«ጠብቁት፣ እየመጣ ነው» አለ አብነት።

አልመጣም። ምድጃውን ከፍ አደረጉት። ውሃው ባሰበት፣ መስመሩ ንቅንቅ አላለም።

ሉሊት፣ እንደዚያ ደንግጬ አላውቅም። ሰው ሲያወራ ውሸት ያመልጠዋል፤ እኔ ልዋሽ ሄጄ እውነት አመለጠኝ። ለአንድ ቀን እንኳ ውሸት ሲያስፈልገኝ ከዳኝ!

«ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል!» አለ አብነት።

«ተበላሽቷል ማለትም ማሳየት ይጠይቃል» አለችው ቤዛዊት።

ሌንጮ ከግቢው ማዶ ካለው ካፌ በረዶ ይዞ ሮጦ መጣ። ከውሃ ቀላቅለው በረዶው ውስጥ ነከሩት፤ ዜሮ። ደህና ነው ማለት ነው። ሁለተኛውን ቴርሞሜትር ከቁም ሳጥን አወጡ፤ ዘጠና ሁለት። መምህር ገረመው ከኋላ ተነሡ።

«ሁለቱም የተገዙት ከአንድ ሱቅ ነው» አሉና ጠመኔ አነሡ። «ጊዜ አናጥፋ። መልሱ መቶ ነው፣ ጻፉ።»

ማንም አልጻፈም። ቤዛዊት እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በአፍ አይቻልም። መቶ መሆኑን ያሳዩን።»

 እኔ በሩን ማየት ጀመርኩ፣ ለመውጣት ማለቴ ነው። ሰውየው ግን አልተቆጡም። ጠመኔውን አስቀመጡ፣ ኮታቸውን አውልቀው ወንበር ላይ ሰቀሉ፣ መጥተው ድስቱ ላይ ጎንበስ አሉ። መነጽራቸው በእንፋሎት ተሸፈነ። ጠረጉት፣ እንደገና ጎንበስ አሉ። ሌንጮ ቦታ ለቀቀላቸው። ቆይተው ቆይተው ለራሳቸው እንደሚያወሩ «በባሕር ጠለል» አሉ።

«ምን አሉ መምህር?» አሉ ወይዘሮ ፀሐይነሽ።

«እኔ ስማር እንዲህ የምትል ነገር ነበረችበት። መቶ ዲግሪ፣ በባሕር ጠለል ላይ። ማስተማር ስጀምር ግን፣ እኛ ባሕር የለን፣ ምን ያደርግላቸዋል ብዬ ዘለልኳት። ይሄው እስከ ዛሬ ዘልያት እኖራለሁ።»

ከዚያ በኋላ ያየናቸው መምህር ገረመው ሌላ ሰው ናቸው። በጠመኔ ሳይሆን በእጃቸው እያሳዩ፣ ከፍ ያለ አገር ላይ የሚጫነን አየር እንደሚቀንስ፣ ጫናው ሲቀንስ ውሃው ቶሎ እንደሚያመልጥ ነገሩን። ልጆቹም አንዱን ሳይጨርሱ ሌላ ይጠይቃሉ። እንጦጦ ላይስ? አውሮፕላን ውስጥስ? ወይዘሮ ፀሐይነሽ እየጻፉ ነው። እኔም ተርፈናል ብዬ ኮራ ብዬ ቆሜያለሁ።

ሌንጮ ግን ምሕረት አያውቅም። «እሱም እኮ በአፍ ነው መምህር። ባሕሩ ጋ መቶ መሆኑን ማን አየ?»

ወይዘሮ ፀሐይነሽ ሲስቁ አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አላውቅም ነበር። ሳቁና እንዲህ አሉ፤ «ልክ ብለሃል። ግማሹን አሳያችሁኝ። ሌላውን ግማሽ ከገና በፊት ካሳያችሁኝ ክፍለ ጊዜው ዓመቱን ሙሉ የእናንተ ነው። ካልሆነ ነገር ጀምሮ መተው ነው፣ ከገና በኋላ አርብ ማስታወሻ ነው።»

ባሕር ከየት ይምጣ? ሁሉም ጣሪያ ማየት ጀመረ። ድንገት ቤዛዊት ዘላ ተነሣች።

«ቲቸር ሉሊት ባሕር ዳር አይደለች!»

«ባሕር ዳርማ ጣና ነው» አሉ መምህር ገረመው። «ከፍ ያለ አገር ነው፣ አይሆንም።»

«የጣናው አይደለም መምህር! የጨው ባሕር ዳር! ማናማ!»

በአንድ ጊዜ ሁሉም ወደኔ ዞሩ። አብነት «ቲቸር የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ላብራቶሪ አለው?» አለኝ።

«ሦስት አለው» አልኩ። «ነጭ ጋውን ለብሳ ነው የምትውለው።»

የሚገርምሽ፣ በዚያ ክፍል ከዋሸሁት ሁሉ አሳየን ያላሉኝ ይሄን ብቻ ነው።

እንግዲህ ሥራሽ ይሄ ነው። ቴርሞሜትሩ ያው እኛ ዘጠና ሁለት ያነበብንበት ነው፤ ሌንጮ ሌላ ከሆነ አይቆጠርም ብሎ ድርቅ ስላለ ወይዘሮ ፀሐይነሽ ራሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። ውሃው ጨው ያልገባበት ይሁን። ዘንጉ የድስቱን ቂጥ እንዳይነካ። በደንብ ሲንተከተክ ቁጥሩን በቪዲዮ ቀርጸሽ በቴሌግራም ላኪልኝ። መቶ ባይልም ያለውን ላኪ፣ ለኛ ብለሽ እንዳታስተካክዪ። ይሄን ለአንቺ መንገሬ ድፍረት ነው፣ ግን ልጆቹ ንገራት ብለውኛል።

የእዚያኛዋ ርዕሰ መምህርት፣ ማለቴ ስናወራ በየመሀሉ ስምሽን እየጠራች የምታስነሣሽ፣ ልጆቿን ይዛ ገበያ የምትወጣበት ቀን አይጠፋም። ያን ጊዜ አድርጊው። ላብራቶሪው ላይ ሽንኩርት ተከትፎ ካለ ወደ ዳር ገፋ አድርጊው። ልጆቹ አንቺንም አዲሶቹን ተማሪዎችሽንም ካላየን ብለው ነበር፤ እኔ «ለሳይንስ መልክ አያስፈልግም፣ ድስቱና ቁጥሩ ይበቃል» ብዬ ዘግቻቸዋለሁ። ስለዚህ ከእጅሽ በላይ አይታይ። ቴርሞሜትሩንም በግራሽ ያዢው። የቀኝ እጅሽን ቃጠሎ እማዬ ባለፈው ፎቶ ላይ አይታው «ምን ሆና ነው?» ስትለኝ፣ «ኬሚካል ነው፣ አስተማሪ ሁሉ አለው» ብያታለሁ። አሁን ለሰፈሩ ሁሉ ልጄ ኬሚካል ነው የምታስተምረው እያለች ነው።

መምህር ገረመው ሰላም ብለውሻል። ስወጣ በሩ ላይ ይዘውኝ «እህትህ ስትመለስ ክፍሏን ትረከበኛለች፣ እስከዚያ አርብን እጠብቅላታለሁ በላት» አሉኝ። መቼ ትመለሳለች አላሉም፣ እኔም አልነገርኳቸውም። ሰውየው ከዚያ ወዲህ በየቤቱ ውሃ የሚያፈሉ ልጆች አፍርተዋል። የአብነት እናት ቡታጋዝ አለቀብኝ ብላ ትምህርት ቤት ድረስ መጥታለች አሉ። እኔም ታክሲው ላይ «ሃያ ሁለት፣ ዘጠና ሁለት!» እያልኩ ስጣራ አንዲት ሴትዮ አዲስ ሰፈር መስሏቸው «ዘጠና ሁለት በየት በኩል ነው?» አሉኝ። «የትም አይሂዱ፣ ድስትዎ ውስጥ ነው» ብዬ በቦርሳ ተመታሁ።

በይ ልጨርስ፣ ሰብሊ ሻንጣዋን ልትዘጋ ነው። እማዬ ይሄን ደብዳቤ ስላላየችው ማታ ማታ ስታንሾካሹክ የምሰማውን ምርቃት ሰርቄ ልኬልሻለሁ። የሰው ፊት አይግረፍሽ። በገባሽበት ቤት ሞገስ ይስጥሽ። እግርሽን እንቅፋት፣ እጅሽን እሳት አያግኘው። የሰፈራችን ሚካኤል ባሕሩን ተሻግሮም ይጠብቅሽ፣ በሰላም አምጥቶ ለደጃችን ያብቃሽ። አሜን በይ፣ ሳትስቂ።

ድስቱ ሲንተከተክ አንዱ መጥቶ «ምን እየሠራሽ ነው?» ቢልሽ፣ «ክፍለ ጊዜ አለኝ፣ እያስተማርኩ ነው» በይው። እሱ ውሸት አይደለም።

ወንድምሽ
ዱቤ