ቁም ሳጥኑን ሲከፍቱት

የኔ ታዴ፣

እንዴት ነህ ብዬ እንዳልጠይቅህ ያለህበትን አላውቀው። እኛ ደህና ነን፤ በዚህ ሰፈር ደህና ማለት ምን እንደሆነ ታውቀዋለህ። ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ወጣ፣ መስቀልም አለፈ። እስከዛሬ አንድ መስመር ሳልጽፍልህ የቆየሁት ረስቼህ አይደለም፤ አኩርፌህ ነው። ያንን ጥያቄህን አሸክመኸኝ ሄድክና መልሱን እንኳ ሳትጠብቅ አፈር ገባህ። አሁን ልጅህ መልስ የሚመስል ነገር ነግራኛለች። መልስ ይሁን አይሁን አንተ ፍረድ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ቤቱ ያው ነው፤ አውሮፕላን በተነሳ ቁጥር ብርጭቆዎቹ መደርደሪያው ላይ ይንጫጫሉ። ወደ ነቀምት፣ እህቴ ዘንድ ልሂድ ብዬ ቀበሌ መሸኛ ጠይቄ ነበር። ሊቀመንበሩ ባለቤትሽ የታሰረበት ጉዳይ ገና አልተዘጋም አለኝ። ሰውየው ሞቶ ጉዳዩ አልተዘጋም! ሳቄ መጣና ዋጥኩት። መሄድ አልችልም፣ ቤት መቀየር አልችልም፣ ከስፌት ማኅበሩ አንድ ቀን ብቀር ለምን ቀረሽ ይሉኛል። እሁድ እሁድ ጠዋት ልክ በአምልኮ ሰዓት የቀበሌ ውይይት አለ፤ ስም ይጠራል። መፈክር ሲባል ግራ እጄን አነሳለሁ። አዎ፣ አነሳለሁ። አንተ አላነሳህም፣ ኮራሁብህም፤ እኔ ግን ጸጋ አለችኝ።

ጸጋ አድጋለች። የፊት ጥርሶቿ ወልቀው አዲሶቹ እየወጡ ነው፤ ስትስቅ አንተን ቁርጥ። ዝምታዋም ያንተ ነው። ምን ሆንሽ ሲሏት ምንም፣ ምን አሰብሽ ሲሏት ምንም። አንተን ለማናገር የፈጀሁትን ጉልበት አሁን ለሷ እየከፈልኩ ነው።

የቅዳሜ ከሰዓቶቻችን ትዝ ይሉሃል? ጸሎት ቤቱ ከታሸገ በኋላ ሰባት ስምንት ሆነን እኛ ቤት ስንሰበሰብ፣ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ስንሰቅል፣ አንዳችን ተራ በተራ በር ስንጠብቅ። እማማ ጫልቱ ከቡልቡላ በእግራቸው መጥተው ጭቃ ጫማቸውን ደጅ አይተዉም፤ ብዙ ጫማ ደጅ ላይ ከታየ ጉድ ነው ብለው በፌስታል ይዘውት ይገባሉ። ዝማሬው ግን ያንተ ፈጠራ ነበር። በሹክሹክታ እንጸልይና አውሮፕላን ሊነሳ ሞተሩ ሲያጓራ እጅህን ታነሳለህ፤ ያኔ ሁላችንም በሙሉ ድምፃችን እንለቀዋለን። አየር መንገድ ጭነት ክፍል ስለምትሠራ የትኛው መቼ እንደሚነሳ ታውቃለህ። ትልቁ ሲሆን አንድ መዝሙር ከነአዝማቹ እንጨርስበታለን። ድምፁ ሊርቅ ሲል እጅህን ታወርዳለህ፤ ጸጥ። እማማ ጫልቱ አንዳንዴ አፋቸውን ከፍተው ይቀራሉ፤ እኛ በሳቅ እንታፈናለን። ከዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ እንደዚያ የሳቅኩበት የለም።

ከዚያ ወሰዱህ። ሲመልሱህ ካፖርትህ ሰፍቶህ ነበር፤ አንተ ከስተህ እንጂ ካፖርቱ ያው ነው። ኩላሊትህ ከዚያ በኋላ አላገገመም። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት አልጋ ላይ ሆነህ የነገርከኝን ቃል በቃል ይዤዋለሁ። ውስጥ እግርህን ሲገርፉህ የነማን ቤት ትሰበሰባላችሁ ሲሉህ፣ ከግርፋቱ ይልቅ የከበደኝ ቤቶቹን ማወቄ ነበር አልከኝ። ባላውቃቸው ኖሮ ይቀለኝ ነበር፤ ሌሊት በእንቅልፍ ልቤ እንዳልናገር ከንፈሬን ነክሼ እተኛ ነበር አልከኝ። ቀጥለህም፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ጌታን ፈለግሁት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቢታየኝ ይበቃኝ ነበር፤ የሚወደን ከሆነ ለምን ይደበቀናል? አልከኝ። እኔ ሾርባህን አቀዝቅዤ አጠጣሁህ። ምን ልበልህ? ሰባኪ አይደለሁም። አንተም ፊትህን ወደ ግድግዳው አዞርክ፤ ከዚያ ወዲህ ስትጸልይ አላየሁህም። የሚያቃጥለኝ እሱ ነው። ሰው ነው ጨካኙ ብዬ የሰውን እችለዋለሁ፤ አንተ እንደዚያ ስትፈልገው ዝም ያለህን ግን እንዴት ልቻለው?

ቀብርህ ላይ አንዲት መዝሙር አልተዘመረችልህም። ጎረቤት ቆሞ ነበርና ከንፈራችንን ብቻ አነቃነቅን።

ለጸጋ ምንም አንነግራትም ብለን የተስማማነውን ጠብቄያለሁ። ልጅ ነች፣ በቀበሌ የሕፃናት ስብሰባ እናትሽ ምን ታደርጋለች ብለው ቢጠይቋት ምን ታውቃለች? ስለዚህ ስለ እግዚአብሔር አንድ ቃል ነግሬያት አላውቅም። ልጅ ግን ጆሮ አለው። ጌታ በመካከላችን ነው ስንል ትሰማለች፣ ብርድ ልብሱን ታያለች፣ በር ሲጠበቅ ታያለች። እኛ ዝም ስላልናት እሷ ለራሷ ገጣጥማ ጨርሳለች። እንዴት እንደገጣጠመችው ያወቅኩት ባለፈው ወር ነው።

እማማ ጫልቱ ለምነውኝ እንደገና መሰብሰብ ጀምረን ነበር። ፈርቼ ነበር፤ እምቢ ማለቱ ደግሞ አንተን ሁለተኛ መቅበር መሰለኝ። አውሮፕላን ሲያጓራ ዘመርን። አንተ የለህ፣ እጅ የሚያነሳልን የለ፤ ትልቁ መስሎን የለቀቅነው ትንሹ ኖሮ ቶሎ ራቀና ድምፃችን ባዶ ሜዳ ላይ ቀረ። ሁላችንም ሰማነው። አንድ ባንድ በጓሮ ወጡ። እኔ ብርድ ልብሱን አውርጄ አልጋው ላይ ሳነጥፍ በሩ ተደበደበ፤ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች፣ አንደኛው ከነጠመንጃው።

መጽሐፍ ቅዱሱን ትራሱ ውስጥ ሰፍቼዋለሁ፣ ለሱ አልሰጋሁም። የሰጋሁት ለልጄ ነው፤ እኔን ቢወስዱኝ ማን ዘንድ ታድራለች? ማነው እዚህ የተደበቀው አለ ባለጠመንጃው። ይሄኔ ጸጋ ተነስታ ሮጠችና ቁም ሳጥኑን በጀርባዋ ደገፈችው። ሁለት እጇን ዘርግታ እዚህ ማንም የለም አለች። ታዴ፣ ልጅ እንደዚያ ስትል ማን ያምናል? አንደኛው ጎትቶ ከፊቱ አነሳት፣ ሌላው ጠመንጃውን ደግኖ ሳጥኑን በረገደው።

ካፖርትህ ብቻ ተሰቅሏል። በሳንጃው ገለጥ አድርጎ አየው፣ የታችኛውን እንጨት በጫማው መታ። ምንም። እኔ ጸጋን አያት ነበር። አንገቷን አስግጋ ውስጡን አየች፤ ከዚያ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰችና ፈገግ አለች፣ በነዚያ በግማሽ በወጡ ጥርሶቿ። ትራሱን ሳይነኩ፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ቀበሌ ቅረቢ ብለውኝ ሄዱ። ቀርቤ ነበር። ነገም ቅረቢ ይሉኛል፤ መቼም ጉዳያችን አይዘጋም።

በማግስቱ ጠዋት ጸጉሯን ስሠራላት ጠየቅኳት። ማን መስሎሽ ነው ሳጥን ውስጥ ያለው? አልኳት። ጆሮዬ ላይ ተጠግታ፣ ጌታ፣ አለችኝ። እኛ የምንደብቀው፣ ቀበሌ የሚፈልገው፣ እንዳባባ እንዳይወስዱት በር የምንጠብቅለት። ይኼን ያህል ጊዜ ሳጥኑ ውስጥ ነው ብላ፣ እኔ ስፌት ስውል ሳጥኑን ስትጠብቅ ከርማለች። እኛ ለሷ ብለን ከሷ ደበቅን፤ እሷ ደግሞ ለሱ ብላ ከእኛ ደበቀች።

ማበጠሪያውን ይዤ ቀረሁ። የለም ልበላት? አለ ልበላት? በመጨረሻ የት እንዳለ አላውቅም አልኳት። ታዴ፣ ካንተ በኋላ የተናገርኩት የመጀመሪያው እውነት እሱ ነው። ያዘነች መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ይሻላል አለችኝ። ካላወቅሽ ቢገርፉሽም አትናገሪም። እንዳባባ አይከብድሽም።

ሰምታህ ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ ተኝታለች ብለን ነበር፣ ታዴ፤ ሁሉንም ሰምታለች።

ጸጉሯን ሳልጨርስ አቅፌያት አለቀስኩ፤ አሳመምሽኝ እስክትል። እንዲህ ያለውን ነገር የሰባት ዓመት ልጅ ልታስበው አይገባም ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ቃሏ ከራሴ አልወጣም። መልስ ነው አልልህም። እኔ አሁንም ጌታ አንዴ በሬን ቢያንኳኳ እወዳለሁ፤ እንዲህ ዓይነት መደበቂያ ካለውም አንተን ለምን ይዞህ አልገባም ብዬ አሁንም እጣላዋለሁ። ግን ያንን ክፍል ሳስብ፣ ፈልገህ ያጣኸው ምናልባት ላንተ ራርቶ ይሆን እላለሁ። ከቤቶቹ በላይ ሌላ የምትሸከመው እንዳይጨምርብህ።

ካፖርትህን ሽጪው ያሉኝ ነበሩ። አልሸጥም። ጸጋ ወደ አንድ ጥግ ገፋ አድርጋዋለች፤ ምናልባት ከተመለሰ ቦታ ይኑረው ብላ። አልነካሁባትም።

አንተን ደግሞ እንዲህ እናስብሃለን። ከመኝታ በፊት ሳይሆን፣ በሹክሹክታም ሳይሆን፣ ትልቁ ሲነሳ ነው። የትኛው ትልቁ እንደሆነ ጸጋ ከሞተሩ መለየት ተምራለች፤ በሩ ላይ ቆማ እጇን ታነሳለች፣ ልክ እንዳንተ። ያኔ ሁለታችን ስምህን በሙሉ ድምፃችን እንጠራዋለን፤ ታደሰ! ታደሰ! እያልን፣ እጇን እስክታወርድ ድረስ።

ያንተው ባለቤት