የስልሳ አንዱ ልጆች ደብተር

ኖቬምበር 4

ማክሰኞ። ዝናብ። እንደ ልማዴ ክሊኒክ ሄድኩ። ጡረታ ከወጣሁ አሥራ አንድ ዓመቴ፤ ማክሰኞና ሐሙስ ግን ማንም አያስቀረኝም። ሻይ እጠጣለሁ፣ ወጣቶቹን ሐኪሞች እተርባለሁ፣ በመሃል ስለ ልጆች ስኳር በሽታ ትንሽ አስተምራለሁ። አንዱን ዛሬ፣ "የልጅቷን ጣት ስትወጋ ቀድመህ ዓይንህን የጨፈንከው አንተ ነህ" አልኩት። ሳቁ።

በቦታዬ የተተካችው ዶክተር ኒንግሲህ አልሳቀችም። ስገባ ከሲስተር ላስትሪ ጋር እያወራች ነበር። ወሬያቸውን አቋረጡ፣ ሁለቱም። "ፕሮፍ፣ ይቀመጡ" ብላ ወንበር ሳበች። ፈጠነች... ምን ደብቃ ነው?

ኖቬምበር 6

ካርቶኑ የለም!

የስልሳ አንዱ ልጆች ደብተሮች ያሉበት ካርቶን። ያኔ በልመና ባገኘሁት መለኪያ ቤታቸው ስኳራቸውን እየለኩ ቁጥሩን የጻፉባቸው። በቀን ሁለት መርፌ ኢንሱሊን ለልጅ ይበቃል ያልኩት ከእነሱ ተነስቼ ነው። ስሜን ያስጠራው ጥናት። አሁን ጤና ቢሮው መመሪያ አድርጎ ለየገጠሩ ጤና ጣቢያ ሊያትመው ነው፣ በወሩ መጨረሻ።

"ካርቶኑስ?" አልኳት ኒንግሲህን።

"ምስጥ እንዳይበላው ብዬ ቤት ወሰድኩት፣ ፕሮፍ።"

የብረት ቁም ሣጥን የሚከፍት ምስጥ?

ኖቬምበር 7

ስሟን ከስሜ በላይ ልታስቀምጥ ነው። ሌላ ምን ይሆናል?

ኖቬምበር 8

ኒንግሲህን ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ አባቷ አዝሏት መጣ። ራሷን ስታ። ከስልሳ አንዱ አሥራ ሰባተኛዋ ናት። አዳንኳት፣ አስጠናኋት፣ ሐኪም ሆነች፤ ወንበሬንም ለሷ ነው የለቀቅኩት። ታዲያ ከኔ የሚደበቅ ምን አላት?

ኖቬምበር 11

ወጥመድ አጠመድኩ። "ደብተሮቹን ለሙዚየም ልሰጥ ነው፤ ሐሙስ አምጪልኝ።" ሙዚየም የሚባል ነገር የለም።

ፊቷ ተለወጠ። "እሺ፣ ፕሮፍ።"

እኛ የጃቫ ሰዎች ለትልቅ ሰው እምቢ አንልም። እሺ ብለን እንቀራለን። ትቀራለች።

ኖቬምበር 13

አላመጣችም። ሳላስታውቅ ቤቷ ሄድኩ።

ደብተሮቹ ምንጣፉ ላይ ተዘርግተዋል። ያዝኩሽ፣ አልኩ በልቤ። "የኔን ሥራ ነው የምትገለብጪው ወይስ የራስሽን ነው የምትጽፊው?"

አንዱን አንስታ ሰጠችኝ። ቁጥር አሥራ ሰባት። የራሷ። 110፣ 120፣ 115፣ 120...

"ጎበዝ ልጅ ነበርሽ" አልኳት።

"የቀጠሮ ዕለት ጠዋት ነው የጻፍኩት፣ ፕሮፍ። አውቶቡስ ውስጥ። የሁለት ሳምንቱን ባንድ ጊዜ።"

ገለጥኩ። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንድ ቀለም፣ አንድ አጻጻፍ። ሌላ ደብተር አነሳሁ። ሌላ... ሁሉም በዜሮና በአምስት ያልቃሉ።

"እውነተኛው ስንት ነበር?"

"ሦስት መቶ። አራት መቶ። አንዳንዴ ከመብዛቱ መለኪያው ማንበብ ያቅተው ነበር።" ከዚያ ቀስ ብላ፣ "ከስልሳ አንዳችን የሦስቱን ዓይን ስኳሩ አጥፍቶታል። ሁለት መርፌ አልበቃንም፣ ፕሮፍ። መመሪያው ሳይታተም የሌሎቹን ልይ ብዬ ነው የወሰድኳቸው።"

"ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ለእርስዎ? እንዴት ብዬ?"

ሻይ አቀረበች። ሳልጠጣ ወጣሁ።

ኖቬምበር 14

ምናልባት ትዋሻለች።

ኖቬምበር 15

ለሲስተር ላስትሪ ደወልኩ። አልካደችም። "ልጆቹ በሩ ላይ ተቀምጠው ሲሞሉ አያቸው ነበር። 'መቶ ሃምሳን እንዳታሳልፉ፣ ፕሮፍ ያዝናሉ' የምላቸው እኔ ነኝ።"

"አንቺ?"

"መጥፎ ቁጥር ያዩ ቀን ምሳ አይበሉም ነበር እኮ። ለልጆቹም አያወሩም። ጥሩ ሲያዩ ደግሞ ሲያሾፉ፣ ሲያስቁ መዋል ነው። ልጆቹ ይሄ ጠፍቷቸው ነው? ምን እናድርግ?"

ስልኩን ዘጋሁ።

የምስጥ ወሬ አላመንኩም፤ የኒንግሲህን "እሺ" አላመንኩም። የአንድ ልጅ ስኳር በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ 163 እንደማይሆን ግን አመንኩ። አላየሁም? አየሁ መሰለኝ... ደስ ብሎኝ ነበር።

ኖቬምበር 18

ደብዳቤውን ጻፍኩ። ለጤና ቢሮውና ጥናቱን ላወጣው መጽሔት። ቁጥሮቹ የውሸት ናቸው፤ መመሪያው ቢታተም ልጆች ይጎዳሉ።

ኒንግሲህ አነበበችው። "'ምናልባት' የሚል እናስገባበት፣ ፕሮፍ? እንዳይከብድዎ..."

"እስከ ዛሬ የከበደኝ እንዲህ ዓይነቱ ደግነት ነው። እጅሽን አንሺልኝ።"

ፈረምኩ። ፊርማዬ ዶሮ የጫረችው መሰለ።

ኖቬምበር 20

የቢሮው ኃላፊ ደወለ። ተማሪዬ ነበር። "ፕሮፍ፣ በዚህ ዕድሜዎ ማን አስገደደዎት?"

"ሕመምተኛዬ።"

ኅትመቱ ቆመ። አዲሱን ጥናት ኒንግሲህ ትመራለች። የኔ ስም የለበትም። እንዳይኖርበት የለመንኳት እኔ ነኝ... ይህን ብቻ ያለ ክርክር እሺ አለች። ትንሽ ብትከራከር ምን ነበረበት?

ኖቬምበር 25

ማክሰኞ። ስገባ ወሬያቸውን አላቋረጡም። ስለ እኔ ነበር፤ ቀጠሉበት።

ኒንግሲህ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ውሃ ትጠጣለች። ሁለተኛ ጠርሙሷ ነው። "ያንቺ ስኳር ስንት ነው ዛሬ?" ባገኘኋት ቁጥር እጠይቃታለሁ። መልሷ ከልጅነቷ ጀምሮ "መቶ አሥራ አምስት፣ ፕሮፍ" ነው።

ክዳኑን ገጠመች።

"ሁለት መቶ ሰማንያ ሰባት።"

"ምን በልተሽ ነው?"

"ጉደግ። አማቴ ወጡ ላይ ስኳር አትሰስትም።"

"ስንት ሰሃን?"

"ሁለት።"

ትክ ብዬ አየኋት።

"ሦስት" አለች።

መርፌዋን ወግታ እስክትጨርስ አጠገቧ ቆሜ ጠበቅኋት።