በበቀለች መዝሙር ላይ የሰማሁት ድምፅ

ጭሮ፣ ግንቦት 12 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለልጄ ለጂሬኛ

የዱባይ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። ዝናቡ ዘግይቶ ቢገባም ገብቷል። እህትህ ትዕምርትም ሥራዋ ላይ ናት፤ እኔን መቆጣጠሩንም ሥራ አድርጋዋለች።

ከዚያ ለዕረፍት የመጣችው አስማ የላክኸውን የድምፅ ማውጫ ሳጥን በእጄ አስረክባኛለች። ከውስጡ ያገኘኋት ቁራጭ ወረቀት «አባዬ፣ ችግሩ ከኮምፒውተሩ ይሆናል። ድምፁን በዚህች ሳጥን በኩል አውጣውና የእማዬን መዝሙር እንደገና ስማው» ትላለች። እውነቱን ልንገርህ፣ ሳነበው መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። «ይኸው፣ ጥፋቱን ወደ ዕቃ አዞረ» አልኩ። አባትህን ታውቀዋለህ።

እናትህ በቀለች ከማረፏ በፊት አልጋዋ አጠገብ ተቀምጠህ ያን መዝሙር ስትቀዳ፣ ከዚያ በኋላ እንደማትዘምር ሁላችንም እናውቅ ነበር። እኔ ግን በጆሮ ማዳመጫ ሰምቼ «ዝዝ ይላል፣ አበላሸኸው» አልኩህ። በዓመቷ ለመታሰቢያዋ ዘመድ ከመቻራ ድረስ መጥቶ «ድምጿን እንስማ» ሲል ከለከልኩ። «ልጄ የእናቱን የመጨረሻ ድምፅ አበላሽቶታል» ያልኩት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ነው። አንተም በሳምንቱ ሄድክ። ይኸው ሦስት ዓመትህ።

ሳጥኗን መግጠሙ ቀላል አልነበረም። አንዱን ገመድ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካሁ፤ ቀይና ነጩን ወደ አምፕሊፋየሩ ወሰድኩ። መዝሙሩ ግን አሁንም ከኮምፒውተሩ ከራሱ ሆድ ይወጣል። ገመድ ስነቅል ስሰካ አንድ ቀን ሙሉ ዋልኩ። ማታ ትዕምርት መጥታ የድምፁን ምልክት ነካች፣ ከዝርዝሩ የሳጥኗን ስም መረጠች፣ አለቀ። ሃያ ዓመት በቤተ ክርስቲያን አምፕሊፋየር ላይ የተቀመጥኩት፣ ከኳየሩ ማን እንደሳተ ዓይኔን ጨፍኜ እለያለሁ የምለው እኔ፣ በልጄ ተመራሁ።

ከዚያ ማዳመጫውን ከሳጥኗ ላይ ሰክቼ፣ መስኮቱን ዘግቼ ሰማሁ። ያው ዝዝ የሚለው ድምፅ አለ። ገመዱን ቀየርኩ፣ ቻርጀሩን ነቀልኩ፣ አልለቀቀም። በማግስቱ የባጃጅ ስፒከር የሚሸጠውን ጎረቤታችንን ፋሩቅን ጠራሁት፤ ዕቃው መበላሸቱን እንዲመሰክርልኝ ነበር።

ፋሩቅ እስከ መጨረሻው ሰማው። ሲጨርስ ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ።

«ኦቦ ዳባ፣ ወላሂ ምንም የለበትም። ትንፋሻቸው እንኳ ይሰማል።»

«አንተ ዝዝታው አይሰማህም?»

ማዳመጫውን መልሶ ለእኔ አጠለቀልኝና መዝሙሩን ከፈተው። ጥቂት ቆይቶ «አሁንስ ይሰማዎታል?» አለኝ።

«መዝሙሩ ቆመ እንጂ ዝዝታው ይሰማኛል» አልኩት።

ወደ እጁ ጠቆመኝ። ገመዱን ነቅሎ ይዞታል። ማዳመጫዬ ከምንም ነገር ጋር አልተያያዘም ነበር።

ልጄ፣ ድምፁ የእኔ ነው። ቅጂህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ንጹሕ ነበር። ፋሩቅ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ሱቁ ክፍት መሆኑንም የረሳው ይመስለኛል።

ትዕምርት ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሐኪሙ ስንት ዓመት ወፍጮ ቤት እንደሠራሁ ጠየቀኝ፤ ሃያ ሰባት አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። የግራ ጆሮዬ ከሄደ ቆይቷል አለ። ስለ ቀኙ ትዕምርትን በረንዳ ላይ አውጥቶ ነገራት። ምን እንዳላት አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። አንተም አትጠይቃት።

ያለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ከአቶ አጥናፉ መናገሪያ ጊዜ ለመንኩ። ሰው ፊት የበደልኩህን ሰው ፊት ካልተናዘዝኩ ዕዳው አይነሳልኝም ብዬ ነው። ቆሜ «የልጄ ቅጂ አልተበላሸም። የተበላሸው የእኔ ጆሮ ነው። ልጄን ያለ ጥፋቱ አሳፍሬዋለሁ» አልኩ። ከዚያ በሳጥንህ አድርገን የበቀለችን መዝሙር አሰማናቸው። ሴቶቹ አለቀሱ። እኔ የሰማሁት ግማሹን ነው፤ የቀረውን ከሰው ፊት አነበብኩ።

መጨረሻው ላይ መዝሙሩ ካለቀ በኋላ የምትናገረው ነገር አለ። አንተ ታውቀዋለህ፣ የምታናግረው አንተን ነው። እኔ ያን ጊዜ ተናድጄ ቅጂውን ሳላስጨርስ ማዳመጫውን ወርውሬው ኖሯል። አሁን ደግሞ ብሞክር ቃሉ አልለይልኝ አለ። ትዕምርት በወረቀት ጻፈችልኝ፦ «ጂሬኛ፣ አባትህን ጥራው፣ እሱ ይስማና ይፍረድ።»

በእኔ ጆሮ ተማምና ሞተች። እኔም ፈረድኩ። ከዚህ በላይ ስለዚህ ነገር ልጽፍልህ አልችልም። ይቅር በለኝ፣ ልጄ።

ስልክ ስትደውል «እሺ፣ እሺ» ብዬ ለእህትህ የምሰጣት አኩርፌ አይደለም። አኩርፎኛል ብለህ ከሆነ ይህን አስብ፤ ስልክ ላይ እንደምቸገር እስካሁን ያልነገርኩህ አፍሬ ነው። በሞባይል ቃልህ ይደባለቅብኛል። ደብዳቤውን በአስማ እጅ የምልከውም ለዚሁ ነው።

ያባቶችህ አምላክ በሰው አገር ሞገስ ይስጥህ። ከክፉ ሰው፣ ከክፉ ቀን ይሰውርህ። እናትህ የለመነችልህ ሁሉ ይድረስህ። ፈቃድ የምታገኝ ከሆነ ዘንድሮ ና፤ ለከርሞ አታቆየው። ስትመጣም በቀኜ በኩል ተቀመጥ።

አባትህ
ዳባ