የፋማንታን እጅ ፍታ

ለልጄ ለአምባካኔ ቴምቤሊ፤ ቡዋኬ።

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የተቀመጥሁት ለአንድ ጉዳይ ነው፤ ባለፈው ረቡዕ በአባቶቻችን ቃል ኪዳን ያሰርኸውን ሐኪም በራስህ ቃልና በራስህ እጅ ጽሑፍ እንድትፈታው ለማዘዝ ነው። ልመና ብትለውም አልከፋም፤ እኔ ግን ያሰብሁት ትእዛዝ ነው።

ይሁን እንጂ ሰላምታ አይታለፍም። እንደምን ሰነበትህ? ጤናህ እንዴት ነው? ሸክም ስታበዛ የሚይዝህ የወገብ ሕመም ለቀቀህ ወይ? ወንድምህ ሴሩስ እንዴት ነው? ከሀገር የተላከላችሁ ሽንኩርት ሳይበሰብስ ደረሰ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ሚስትህ ያኒጌ ከልጃችሁ ከያፓይ አልጋ ሥር አልተለየችም፤ ትከሳለች እንጂ አታማርርም።

ስልክ ያልደወልሁት ዐውቄ ነው። በስልክ አንተም ትጮኻለህ፣ እኔም እጮኻለሁ፤ መስመሩ ሲቋረጥ በእጃችን የሚቀረው ጩኸቱ ብቻ ነው። የላክህልኝ አጭር መልእክትም ማሠሪያ አንቀጽ አልነበረውም። ዕድሜዬን ሙሉ ሰዋስው ሳስተምር ኖሬ፣ በልጅ ልጄ ሕይወት ላይ በግማሽ ዓረፍተ ነገር አልወስንም።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳህ። ያፓይ ጠዋት ጠዋት ራሷን እያመማት ስታስመልስ ወባ ነው ብለን ነበር። ኋላ እንደ ሰካራም መንገዳገድ ስትጀምር የሰፈሩ ልጆች ሳቁባት። እዚህ ባማኮ በምርመራ መሣሪያ ሲያዩአት፣ ከማጅራቷ በላይ ባለው ጠባብ የራስ ቅል ጓዳ፣ የሰውነት ሚዛን በሚጠበቅበት ስፍራ፣ ዕጢ ተገኘባት። ዕጢው የአንጎሏን ውኃ መውረጃ ዘግቶት ኖሮ፣ ሲያሠቃያት የከረመው ያ የታቆረ ውኃ ነው።

የቀዶ ሐኪሙ ስም ፋማንታ መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። ቦዞ ነው፤ ዓሣ አጥማጅ ብለን ብንሰድበው የማይቀየመን፣ እኛን ዶጎኖችን ሽንኩርት ተካይ ብሎ ቢሰድበን የማንቀየመው፣ በአባቶች ቃል ኪዳን የተሳሰርነው የወንዝ ዘመዳችን። ከቀዶ ጥገናው በፊት አልጋዋ አጠገብ ቆሞ፣ “አንቺ ሽንኩርት፣ ነገ ልልጥሽ ነው። ሽንኩርት ሲላጥ የሚያለቅሰው ደግሞ ላጩ ነው፤ ስለዚህ አንቺ አታልቅሺ” አላት። ልጅህ ምን ብላ እንደመለሰች ታውቃለህ? “አንተ የዓሣ አሽከር፣ መጀመሪያ እጅህን ታጠብ፤ ይሸታል!” አለችው። ነርሶቹ ሁሉ በሳቅ ፈረሱ።

ያን ዕለት ማታ ሐኪሙ ያኒጌንና እኔን ለብቻ ጠርቶ ያለ ቀልድ ተናገረ። “ከዚያ ስፍራ ዕጢ ከወጣላቸው ልጆች ጥቂት የማይባሉት ከአንድ ወይም ከጥቂት ቀናት በኋላ ድምፃቸው ይጠፋል። መጀመሪያ ይናገራሉ፣ ቀጥሎ ዝም ይላሉ። ያን ጊዜ እንዳትደነግጡ፤ ቃሉ በሳምንታት ወይም በወራት ይመለሳል። ሲመለስ ግን የተጎተተ ሊሆን ይችላል፤ እጇና እግሯም ሥራቸውን እንደገና መማር ይኖርባቸዋል” አለን።

እንዳለውም ሆነ። በነቃችበት ቀን የማሽላ ገንፎ ጠየቀች፤ አንተንም በስምህ ጠራች። በማግስቱ ዝም አለች። ዓይኖቿ ይከፈታሉ፤ ታለቅሳለች፤ መዋጥ ስላስቸገራት ምግቧ በአፍንጫዋ በገባ ቱቦ ይሰጣታል፤ ቃል ግን የላትም።

አንተ ይህን በሰማህ ጊዜ ለፋማንታ ደውለህ፣ “ቦዞ የዶጎንን ደም ስላፈሰሰ ቃል ኪዳኑ የልጄን ምላስ ወሰደ። በዚያው ቃል ኪዳን አስሬሃለሁ፤ ሁለተኛ የቢላዋ ስለት እንዳታነሣባት” አልኸው። በቃል ኪዳኑ ስም የተለመነ ቦዞ እምቢ ማለት እንደማይችል ዐውቀህ አልኸው።

አሁን ጭንቁ ይህ ነው። የታቆረውን ውኃ ለጊዜው ወደ ውጭ የሚያፈስስ ቀጭን ቱቦ ከራሷ ላይ ተተክሏል። ሊዘጉት ሲሞክሩ ራስ ምታቷና ማስመለሷ ተመለሰ። ቱቦው ከሰነበተ ደግሞ የገባበት ቁስል ይመረቅዛል፤ መመርቀዙም ወደ አንጎሏ ይዘልቃል። ስለዚህ ከቆዳ በታች ወደ ሆዷ የሚወርድ ሌላ ቱቦ እስከ ዐርብ ድረስ መግባት አለበት። ይህን ሥራ በዚህ ሳምንት የሚሠራ ሌላ ሐኪም የለም።

ፋማንታን፣ “የአባቷ አባት እኔ ነኝ፤ ፈትቼሃለሁ” አልሁት። ራሱን ነቀነቀ። “መምህር፣ ያሰረኝ እርስዎ አይደሉም። ሌሊት ቢብስባት ማንንም አልጠይቅም፤ አደርገዋለሁ፤ ከአባቶቻችሁ ጋር በኋላ እጣላለሁ። ግን ያ ሌሊት ከመጣ ግማሹ ዕድል አምልጦናል። ልጅዎ ይፍታኝና በቀን ብርሃን ልሥራው” አለኝ። ቀጥሎም፣ “እናንተ ድንጋይ ላይ ያደጋችሁ፣ ራሳችሁም እንደዚያው ነው፤ መጋዜን እኮ ሰበራችሁት!” ብሎ ሊያስቀኝ ሞከረ። እኔም፣ “ውኃ የጠጣ ጭንቅላት ይዘህ የሰው ጭንቅላት ትሰድባለህ?” አልሁት።

ስለ ቃል ኪዳኑ ልታስተምረኝ ሞክረሃልና አሁን አንተ ስማ። ቃል ኪዳኑ ከየት መጣ? የዶጎን ልጅ በረኀብ ሊሞት ሲል፣ መረቡ ባዶ የወጣበት ቦዞ የራሱን ጭን ቆርጦ አበላው። ልጁ ዳነ። እንግዲህ ዝምድናችን የተጀመረው ልጃችንን ለማዳን በተመዘዘ የቦዞ ቢላዋ ነው። የተከለከለው በጠብ የሚፈስሰው ደም ነው። ደግሞስ ምላሷን የወሰደው ስለቱ ቢሆን፣ ከስለቱ በኋላ ስምህን እንዴት ጠራች?

ትናንት ጠዋት ፋማንታ እንደ ልማዱ፣ “ሽንኩርቴ፣ ዛሬም ኮርተሻል?” አላት። እጇን ቀስ ብላ አነሣች። እየተንቀጠቀጠች ጆሮዋን ነካች፣ ጉንጯን ነካች፣ በመጨረሻ አፍንጫዋን ያዘች። ይሸታል ማለቷ ነው። ያኒጌ እየሳቀች አለቀሰች። አምባካኔ፣ ልጅህ ከውስጥ አለች፤ ሁሉን ትሰማለች። አንተ ተናድደሃል፤ አባት ነህና አልፈርድብህም። ዳሩ ግን ያሰረ እጅ ካልፈታ፣ ሸክሙ የሚወድቀው በሕፃን አንገት ላይ ነው።

ሴሩን ሳምልኝ፤ ሽንኩርቱን ጥላ ሥር ያሳድር በለው። ሚስቱን እግዚአብሔር በሰላም ያገላግላት። አብሮህ የሚያድረውን የአክስትህን ልጅ፣ እናቱ ደኅና መሆኗን ንገረው። ቤት ላከራየችህ ሴትም የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረሳት። ያኒጌ በራሷ አፍ፣ “ከእኛ ጋር ሁን” ብላሃለች።

ይህን ደብዳቤ የያዘው የአውቶቡስ ሾፌር ማክሰኞ ይደርስሃል፤ ረቡዕ ጠዋት ይመለሳል። መልስህን ጽፈህና ፈርመህ ሐሙስ ማታ በእጄ እንዲገባ አድርግ። ብትፈታው ቃልህን ለፋማንታ በልጅቷ ፊት አነብለታለሁ። እምቢ ብትልም ጽፈህ ላከው፤ አድጋ “ያን ጊዜ አባቴ ምን አለ?” ብላ ስትጠይቅ፣ እኔ በአንተ ፈንታ ልመልስላት አልፈልግም፤ ከእጅህ ጽሑፍ ታንብበው።

አባትህ
ዶሞ ቴምቤሊ
ባማኮ፤ እሑድ፣ ጃንዋሪ 14 ቀን 2024